ባለሙያ ወይስ ተጧሪ? የደቡብ ጎንደር አረጋውያንና ጥበባቸው

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ውስጥ አረጋውያንና ሥነ ጥበብ ጎረቤታሞች ናቸው። ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲደግፍ ይጠይቃል። ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ የታሪክና የባህል ቅርስን የመጠበቅ፣ ሥነ ጥበብና ስፖርት እንዲስፋፋ የማገዝ ኃላፊነት ይሰጠዋል። ወረዳ ላይ ሲደርሱ ግን ጎረቤታሞቹ ይለያያሉ። አረጋውያን ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ሥነ ጥበብ ወደ ባህልና ቱሪዝም ይሄዳሉ። አንደኛው ጽሕፈት ቤት አረጋዊውን የሚያውቀው በእርዳታ ዝርዝር ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጥበብ ሲባል ዐይኑ ወደ ወጣቶች የኪነት ቡድን ያማትራል። ሸምግሎም ባለሙያ የሆነ ሰው በሙሉ ማንነቱ የሚመዘገብበት ቦታ የለም።

ይህ መለያየት ከደቡብ ጎንደር ደጋ በላይ በግልጽ የሚታይበት አካባቢ ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 2,051,738 ሰው በተቆጠረበት በዚህ የአማራ ክልል ዞን ከአሥሩ ሰው ዘጠኙ ገጠሬ ነበር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ደግሞ የምግብ እጥረት ስለሚደጋገምባቸው የሴፍቲኔት ወረዳዎች ሆነው ቆይተዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂውን በሁለት ይከፍላል። ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው አረጋዊ፣ ሕመምተኛና አካል ጉዳተኛ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። አከፋፈሉ ሰብአዊ ነው። የሰባ አምስት ዓመት እናት ድንጋይ ትሸከም የሚል ሰው አይኖርም። ችግሩ መዝገቡ የሚያውቀው ሥራ ድንጋይ መሸከምን ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ዝርዝር ላይ “መሥራት የማይችል” ተብሎ የሰፈረ አዛውንት በማግሥቱ እሑድ ማኅሌት ቆሞ አዲስ ቅኔ ሊቀኝ፣ ከደጀ ሰላም ወጥቶም የተጣሉ ጎረቤታሞችን በአንድ ምርቃት ሊያስታርቅ ይችላል።

በሌላው ዓለም “የአረጋውያንን የፈጠራ ችሎታ ማበረታታት” የሚባለው ሥራ ብዙውን ጊዜ ከባዶ ይጀምራል። ከሥራ የተሰናበተውን ሰው ሰብስቦ መዝሙር ማለማመድ፣ ብሩሽ ማስያዝ፣ ግጥም ማስጻፍ ነው። በዞኑ ከተማ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ግን ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ጥበቡ በአረጋውያኑ እጅና ጉሮሮ ውስጥ አለ። የጎደለው ተቀባይ፣ አድማጭና ክፍያ ነው። ስለዚህ ከውጭ የተሳካ ፕሮግራም ቀድቶ ከማምጣት በፊት ያለውን በሚገባ ማወቅ ይቀድማል።

ያለውን ለማወቅ ከቤተ ክህነቱ ትምህርት መነሣት ይቀላል፤ የተደራጀ ነውና። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ነው። ከየትኛውም አገር የመጣ የዜማ ተማሪ ድጓን ዘልቄያለሁ ለማለት ቤተ ልሔም ላይ መፈተን ይጠበቅበታል። የዜማው ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጀ ይነገራል። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን አስቀድሞ ለሰማ ጆሮ ነው። ያልሰማው ሰው ከምልክቱ ብቻ ተነሥቶ አያዜመውም፤ ከየኔታ አፍ መቀበል ግድ ይለዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሽበት ከሥራ የሚያሰናብት ሳይሆን ማዕርግ የሚጨምር ነገር ነው። የኔታ ዐይናቸው ቢፈዝ፣ ጉልበታቸው ቢደክም፣ ተማሪው እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ሲያዜም ስሕተቱን በጆሯቸው ያርማሉ።

ቅኔ ደግሞ ከዚህም ይሻገራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፣ ቅኔ የሚዘረፈው ለዕለቱ በዓልና ለቦታው ተገጥሞ ነው። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። እንግዲህ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው መሪጌታ በዓል በመጣ ቁጥር ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር እንዲፈጥሩ ይጠበቅባቸዋል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው ይህን ያህል አደራ የሚሰጥ ዘመናዊ የጥበብ ተቋም ማግኘት ያስቸግራል።

“የቤተ ክህነት ጥበብ መጠበቅ እንጂ መፍጠር የለበትም” ለሚል ሰው ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ መልስ አለው። በቀልዳቸው አገር ያወቃቸው እኚህ ሊቅ የፎገራ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። በማኅሌት አቋቋም ከላይ ቤትና ከታች ቤት ጎን የሚቆመውን ሦስተኛውን ስልት የፈጠሩት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ትውፊቱ እንደሚለው የመቋሚያውን አወዛወዝ ያገኙት በጣና ዳር የውኃውንና የደንገሉን እንቅስቃሴ ተመልክተው ነው። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ሊቀበሉት አልፈለጉም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ዛሬ “ተክሌ” የሚባለውም በዚሁ ልጃቸው ስም ነው። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ያላቸው አባት፣ በነባሩ ሥርዓት ውስጥ ተዘልለው መኖር ሲችሉ አዲስ ነገር ፈጠሩ። ያ ፈጠራ ከእሳቸው ጋር ያልተቀበረው ግን ተቀባይ ስለነበረው ነው። ተክሌ ባይኖር ኖሮ አንድ ሽማግሌ በጣና ዳር ያሰቡት ነገር ሆኖ በቀረ ነበር። የዚህ ሐተታ ክርክር በአጭሩ ይኸው ነው። የአረጋዊ ፈጠራ የሚሞተው ሰውየው ስላረጀ ሳይሆን ተክሌ ስላጣ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለው ጥበብ ግን ይህን የመሰለ ምስክር ቤት የለውም፤ አደጋውም የከፋው እዚያ ነው። ሙሾ አውራጆችን እንውሰድ። ልቅሶ ቤት ውስጥ ሙሾ የምታወርደው ሴት ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋች ናት፤ ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙሾ የሟቹን የትውልድ ሐረግ፣ የኖረበትን አገር፣ ያረሰውን መሬት፣ የዘመተበትን ጦርነት፣ የቀረበትን ዕዳ ሳይቀር ማወቅ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት በሁለት በሁለት ስንኝ አሰናኝቶ፣ ለሐዘንተኛው የሚያስለቅስ ሰም፣ ለዐዋቂው የሚከነክን ወርቅ አድርጎ ማቅረብ የሃያ ዓመት ወጣት ሥራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከልክ ያለፈ ልቅሶን ትቃወማለች፤ በከተማም ልቅሶው እያጠረ፣ ሐዘኑ በድንኳንና በወንበር ተወስኖ እየቀረ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ልቅሶው ሲያጥር አብሮ የሚያጥረው የአካባቢው የቃል ታሪክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት በጋይንትና በጉና በኩል መጥቶ ደብረ ታቦር ድረስ ከባድ መሣሪያ ተተኩሷል፤ ያን ዘመን በስንኝ የሚያስቀሩት እነዚሁ እናቶች ናቸው።

ምርቃትም እንዲሁ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ከተማዋ ስሟን ከወሰደችበት ተራራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በደብረ ታቦር ልዩ ድምቀት አለው። ካሜራው የሚያነሣው ጅራፉን፣ ችቦውንና ሆያ ሆዬ ባዮቹን ነው። ልጆቹ ጨፍረው ሲጨርሱ ከደጃፉ ቆመው የሚመርቁት አባት ግን ከካሜራው ውጭ ይቀራሉ። ምርቃት ተሸምድዶ የሚደገም ንባብ አይደለም። ተመራቂው ተማሪ ከሆነ ለተማሪ፣ ሙሽራ ከሆነ ለሙሽራ፣ መንገደኛ ከሆነ ለመንገደኛ በዚያችው ሰዓት የሚሰናዳ፣ “አሜን” እያለ በሚቀበል አድማጭ የሚሞቅ ድርሰት ነው። ጥር 25 የመርቆሪዮስ ዕለት ፈረስ ሲጋለብም ዐይን ሁሉ ያለው ጋላቢው ላይ ነው። የፈረሱን ዕቃ አሰፋፍ፣ የፉከራውን ቃል፣ የቆየውን የጉግስ ሕግ የሚያውቀው ግን ዳር ቆሞ የሚያየው ሽማግሌ ነው።

የእጅ ሥራውን ስናይ ሁለት የማይለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ይመጣሉ፦ ጥበብና ድካም። ጥጥ ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዝታ፣ አመልማሎ አድርጋ በእንዝርት የምትፈትል፣ በስንደዶና በአክርማ አለላ መሶብ የምትሰፋ እናት፣ ባሏ ከሞተና ቆብ ከጫነች በኋላም ሥራውን አትተወውም። ይህ የገቢ ምንጯም የሰዓት መግፊያዋም ነው። አለላውን በምን ቀለም እንደምትነክር፣ የትኛውን ጌጥ ከየትኛው ጋር እንደምታገጥም የምትወስነው ራሷ ናት። ሆኖም ያገራችን ልማድ የእጅ ሥራን ከጥበብ ሳይሆን ከዝቅተኝነት ጋር ሲያያይዝ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። ያ ስድብ ዛሬ በግልጽ ባይነገርም፣ መሶብን “ስፌት” ሥዕልን ደግሞ “ጥበብ” ብሎ በሚለየው አነጋገራችን ውስጥ አለ።

ፎገራ ውስጥ የምትገኘው አውራ አምባ ይህን ልማድ ለመስበር በቃልና በተግባር የሞከረች ማኅበረሰብ ናት። ዙምራ ኑሩ በመሠረቷት በዚህች መንደር ወንድ ይፈትላል፣ ሴት ትሸምናለች፤ ሥራው የጾታ ሳይሆን የችሎታ ነው። ሽመና የማኅበሩ ዋና መተዳደሪያ ሲሆን፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ ማኅበሩ የሚንከባከብበት ቤት አለው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። አረጋዊውን መጦር የቤተሰብ ዕድል ሳይሆን የመንደሩ ግዴታ ሲሆን፣ የሽመና ዕቃውና የአረጋውያኑ ቤት በአንድ ግቢ ርቀት ላይ ይገናኛሉ። ሌሎች ወረዳዎች ይህን ቅርበት መሥራት ካልቻሉ የመጦሪያ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው የሚኖራቸው።

ተቀባዩ ለምን ጠፋ? ምክንያቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው የሰላም እጦት ነው። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዞር ስለሆነ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጉዞን አስፈሪ፣ ስብሰባን አጠራጣሪ አድርጎታል። ሁለተኛው የትምህርት አደረጃጀታችን ነው። ልጁ ቀኑን ትምህርት ቤት፣ ማታ ስልኩ ላይ ሲሆን ከአያቱ ጋር እሳት ዳር የሚቀመጥበት ሰዓት አልቋል። ሦስተኛውን ግን ከጥበብ ጋር አያይዞ የሚያነሣው ሰው እምብዛም የለም፤ ዐይን ነው። አማራ ክልል በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ደቡብ ጎንደር የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጋር በሽታውን መከላከል ከጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ አካባቢዎች ውስጥ ነው። በተደጋጋሚ ሲያመረቅዝ የኖረ ዐይን መጨረሻው የሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ መታጠፍና ብሌኑን መውጋት ነው፤ በዚህ ደግሞ ከወንድ ይልቅ ሴት፣ ከወጣት ይልቅ አረጋዊት ትጎዳለች። ወስፌዋን በሰበዙ መካከል ማስገባት ያቃታት ሰፊ ሙያዋን አልረሳችም። የአሥራ አምስት ደቂቃ የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና፣ የዐይን ሞራ ማስወገድ ወይም አንድ መነጽር ከብዙ የባህል ዐውደ ርእይ የበለጠ የጥበብ ድጋፍ ሊሆን ይችላል።

የአረጋውያን ጥበብ ለጤናም እንደሚጠቅም የሚያሳየው ማስረጃ እየበዛ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሙ ጂን ኮኸን የጀመሩት ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 80 ገደማ የሆኑ ሰዎችን ተከታትሏል። በሙያተኛ በሚመራ የመዝሙር ቡድንና በሌሎች የጥበብ ሥራዎች የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ ሐኪም ዘንድ የሄዱት ጥቂት ጊዜ፣ የወሰዱት መድኃኒት ያነሰ፣ የወደቁትም ጥቂት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አገናዝቦ ጥበብ ለጤና ያለውን ጥቅም የሚያሳይ ዘገባ አውጥቷል። ጥናቶቹን ግን ከእኛ ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሰው ተሰብስቦ እንዲዘምር ቡድን ማቋቋም አስፈልጓል። በደብረ ታቦር ኢየሱስ ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፈው፣ ጸናጽል ይዘው ማኅሌት የሚያደርሱት አባቶች ቡድኑ አላቸው። ለእነሱ የሚያስፈልገው የክረምት ጋቢ፣ የጉልበት ሕክምናና አጠገባቸው የሚቆም ወጣት ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ተቀባይ ሲገኝ የሚሆነውን የሚያሳዩ ጥሩ ምሳሌዎች አሉ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድተው፣ በ1959 ዓ.ም. “መጽሐፈ ትዝታ” ብለው ለኅትመት አበቁት። ዛሬ ያ መጽሐፍ የቤተ ክህነት ትምህርትን፣ የረኀብ ዘመንን፣ የሊቃውንቱን ጨዋታ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የሚሄድበት ነው። አባትየው ተናጋሪ፣ ልጁ ደራሲ ስለነበሩ ሥራው የሁለት ትውልድ ሆነ። ፒያኒስቷ እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ በ1950ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎችን ማየታቸው ሥራቸውን አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች እንዲያውሉ ገፋፋቸው። ሆኖም ሰፊው ዓለም ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 “ኢትዮፒክስ” የተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛ ቅጹን ለእሳቸው ሲሰጥ ነው፤ ያኔ 82 ዓመታቸው ነበር። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጡት ጌታቸው መኩሪያም ከኔዘርላንዱ “ዘ ኤክስ” ባንድ ጋር አልበም ያወጡት ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች በስተርጅና ድንገት ጥበበኛ አልሆኑም። በስተርጅና የሆነው ነገር አንድ ሰው በራቸውን ማንኳኳቱ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት ነጥብ መናቅ የለበትም። መጀመሪያ የሚመጣው “ዳቦ ይቅደም” የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለተራበ ሰው የባህል ቀን ማዘጋጀት ማላገጥ ነው። ነገር ግን ቀጥተኛ ድጋፍና የሙያ ክፍያ አይጣሉም። አንዱ ሌላውን እንዳይቀንስ ማድረግ የደንብ ጉዳይ ነው፤ አንዲት እናት በወር ጥቂት ሰዓት ስላስተማረች ከእርዳታ ዝርዝር የምትሰረዝ ከሆነ ማንም አስተዋይ ሰው አያስተምርም። ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ይከብዳል። መፍተልና መስፋት ለብዙ ሴቶች በግድ የሠሩት የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ እርጅና ላይም “ጥበብሽ ነውና ቀጥዪ” ማለት ዕረፍታቸውን መንጠቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ፕሮግራም በፈቃድ ላይ መመሥረት አለበት፤ የሚከፈለውም ለተሠራው መሶብ ብዛት ሳይሆን ለሚተላለፈው ዕውቀት ሊሆን ይገባል። ሦስተኛው የመድረክ ፈተና ነው። አረጋውያንን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ በበዓል መድረክ ላይ ለሁለት ደቂቃ ማቆም ለባለሥልጣን ፎቶ ይመቻል፤ ለባለሙያው ግን ስድብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለመጀመር አዲስ ተቋም አያስፈልግም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች “የክወናና የዕይታ ጥበባት” የሚባል ትምህርት አላቸው። በብዙ ትምህርት ቤት መምህሩ ራሱ ያልሠለጠነበትን ይህን ትምህርት የአካባቢው አረጋውያን በወር ሁለት ጊዜ ገብተው ቢያስተምሩት፣ የትራንስፖርትና የሰዓት ክፍያ ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ቢታሰብላቸው፣ ተክሌዎች እዚያው ይገኛሉ። የሴፍቲኔት ወረዳዎች ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ለሚያገኙ አረጋውያን ፍላጎታቸውንና ሙያቸውን የሚመዘግብ አንድ ዓምድ በቅጹ ላይ መጨመር ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ “ዕድሜ፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ብዛት” ከሚለው ቀጥሎ “ሙያ” የሚል ቢኖር፣ በየቀበሌው ስንት ሙሾ አውራጅ፣ ስንት ብራና ፋቂ፣ ስንት መሪጌታ እንዳለ መቁጠር ይቻላል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በዕድሜ የገፉትን ባለሙያዎች ድምፅ እየቀረጸ በመዝገብ የማኖር አቅሙ አለው። ቅጂው ለባለሙያውና ለቤተሰቡ ካልተሰጠ፣ ፈቃዳቸውም በጽሑፍ ካልተገለጸ ግን ቀረጻው ሌላ ዓይነት ዘረፋ ይሆናል።

የረጅም ጊዜውን መንገድ ለማየት ጃፓንን ማስታወስ ይጠቅማል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት ለሕያዋን የጥበብ ባለሙያዎች ዕውቅና ትሰጣለች። የተመረጡት ባለሙያዎች በዓመት 2 ሚሊዮን የን ያገኛሉ፤ በምትኩ ተተኪ ማሠልጠን ይጠበቅባቸዋል። ክፍያው የሽልማት ሳይሆን የሥራ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት ከተቀበለችበት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ መስቀልን፣ ጥምቀትን፣ የገዳ ሥርዓትን በዩኔስኮ አስመዝግባለች። ጥምቀት ሲመዘገብ የተመዘገበው በዓሉ ነው፤ በዓሉን በዜማ የሚሸከሙት መሪጌታ ግን ደሞዛቸውም ጡረታቸውም በደብሩ አቅምና በምእመኑ ቸርነት ላይ የተመሠረተ ነው። ቅርሱን መዝግቦ ቅርስ ተሸካሚውን በእርዳታ ዝርዝር መተው የሚያስኬድ ፖሊሲ አይደለም።

በየዓመቱ መስከረም መገባደጃ ላይ የዓለም አረጋውያን ቀን ሲከበር የወረዳና የዞን ሪፖርቶች አንድ ቁጥር ያቀርባሉ፦ ስንት አረጋዊ እንደተረዳ። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው፤ መቅረትም የለበትም። ከዚያ ጎን ግን ሁለተኛ ቁጥር ይጠየቅ፦ በዓመቱ ውስጥ ስንት አረጋዊ ተከፍሎት አስተማረ? በመጀመሪያው ዓመት መልሱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዜሮው በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ከተጻፈ ግን የበጀት ስብሰባ ላይ የሚነሣ ጥያቄ ይሆናል፤ ማኅበራዊ ጉዳይና ባህልና ቱሪዝምም መልሱን ለመስጠት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ይገደዳሉ።